እየበላሁ ነው

አልጋው ገና ይሞቃል። ሙቀቱ የእኔ አይደለም፣ የግማሽ አልጋዬ ነው፤ ግማሽ አልጋ የምለው አብሮኝ የተከራየውን ሰውዬ ነው፣ እሱ ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥባል፣ እኔ ሌሊት ሌሊት ወረቀት እለያለሁ፣ እሱ ሲነሳ እኔ እተኛለሁ፣ እኔ ስነሳ እሱ ይተኛል፣ ይህን አልጋ ለሁለት ከያዝነው ወዲህ አንሶላው ቀዝቅዞ አያውቅም፤ ባልና ሚስትም እንዲህ አልተሟሟቁ ይላል። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍነነዋል፣ ቀን ለሚተኛ ሰው ፀሐይ ጠላት ናት። ግን የሚተኛው ማነው። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፣ ጫማዬን አላወለቅሁም። ዛሬ አገር ቤት የእናቴን ዓይን ይፈቱታል። ይፈታል ነው ያለችኝ እህቴ፣ ስለ እስረኛ እንደምታወራ፤ ሞራው ተነስቷል፣ በፋሻ ታስሮ ሰንብቷል፣ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ይፈታል፣ እናቴም ከስንት ዓመት ጨለማ በኋላ ታያለች። ማንም ልጅ ቢሆን በዚህ ቀን ደስ ይለዋል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የምለምነው ሐኪሙን ጉንፋን እንዲይዘው ነው።

መጀመሪያ የማየው ልጄን ነው ብላ ምላለችና። እናቴ ከማለች አለቀ፣ እናቴ ስትምል መሐላው ራሱ ይፈራታል። ፋሻውን ሲፈቱልኝ ሻሼን ዓይኔ ላይ አወርደዋለሁ አለችኝ ባለፈው ስንነጋገር፣ እስከ ቤት እህትህ ትመራኛለች፣ እስከዛሬስ ማን ሲመራኝ ኖረ፣ የመጀመሪያ እይታዬን መንገድ ላይ ለሚገተር አላፊ አግዳሚ አላባክነውም። ሐኪሙ መመርመር አለብኝ ቢልሽስ አልኳት። ጣቴን ቁጠሪ ነው የሚለኝ፣ እቆጥርለታለሁ፣ ጣት ፊት አይደለም፣ ቀና ብዬ ፊቱን ካላየሁት ምን ቸገረው አለች። ሳቅሁ። ስስቅ በግራ በኩል ቆዳው ይሳባል፣ እንባ ይመጣብኛል፣ ስለዚህ ሳቅና ለቅሶ እኔ ዘንድ አንድ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፣ እንደኔና እንደ ሳህን አጣቢው።

እናቴ በድምፅ ታያለች። ሞራው ዓይኗን ከጋረደው ጀምሮ የያዘችው ሙያ ነው። ስደውልላት ሰላምታውን ሳንጨርስ ከስተሃል ትለኛለች፤ እውነትም ከስቻለሁ። ፂምህን አልተላጨህም ትለኛለች፤ እጄን ጉንጬ ላይ ሳሳርፍ ይወጋኛል። አንዴ ደግሞ አዲስ ጃኬት ለብሰሃል አይደል፣ ድምፅህ ኮራ ብሏል አለችኝ፤ የገዛሁት ጫማ ነበር፣ ግን ብዙም አልራቀችም። ጎረቤቶቿ ጠንቋይ ወጣሽ እንዴ ይሏታል። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፣ ወንድ ልጄ አንድ ነው፣ ጆሮዬን ዓይን ካላደረግሁት በምን ልየው ትላቸዋለች። ስለዚህ ሥራ ላይም ብሆን ስትደውል አነሳለሁ፣ አነሳ ነበር፣ ማዳመጫዋን ጆሮዬ ውስጥ ሽጉጥ አድርጌ፣ ክልክል ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ አለቃችን አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ሥራው ቀላል ነው። ከተማው አንብቦ የጣለው፣ ሳያነብ የጣለው፣ ዓሣ ጠቅልሎ የጣለው ወረቀት ሁሉ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን ፕላስቲኩን፣ ቆርቆሮውን፣ የሞተ አይጥ ካለ አይጡን እናወጣለን፣ የተረፈውን ወደ መጭመቂያው አፍ እንገፋለን፣ መጭመቂያው ጨምቆ ጨምቆ እንደ ጥርብ ድንጋይ አድርጎ በሽቦ አስሮ ይተፋዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው መጭመቂያ አላየም፤ እዚህ ወረቀት የያዘውን ሁሉ ይለቃል፣ ሞኙ ብቻ ቀረ።

አደጋው የደረሰብኝ ቀን እናቴ ናት የደወለችው። እኔ መጭመቂያው አፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ መነጽር አድርጌያለሁ፣ ከመነጽሩ በላይ ከግንባር እስከ አገጭ የሚወርድ የፕላስቲክ መከለያ አለኝ፣ እስትንፋሴ መልሶ ፊቴን ያሞቀዋል፣ እሷ ታወራለች። ምን ነካህ ትላለች፣ ድምፅህ ታፈነ፣ ድስት ውስጥ ገብተህ ነው የምታወራው? ሥራ ላይ ነኝ እማዬ እላለሁ። አላይህም እኮ ትላለች። አላይህም ነው ያለችው፣ አልሰማህም አላለችም። እስቲ ድምፅህን አውጣው ልየህ፣ ስንት ቀን ሆነኝ ካየሁህ። መከለያውን ወደ ላይ ገፋሁት፣ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው፣ ቀላል ነው። አሁንስ? አልኳት። አሁን አየሁህ አለች። አሁን አየሁህ የኔ ጌታ፣ ደክሞሃል። ከዚያ መጭመቂያው ካርቶኑን ነከሰ፣ በካርቶኑ መሐል የነበረ ጠርሙስ ፈነዳ።

ጮኼ ይሆን? አላውቅም። እሷ የሰማችው ዱብ የሚል ድምፅ ነው፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። የተደፈነ የማጠቢያ ቧንቧ የሚከፍት ፈሳሽ ነው አሉኝ በኋላ፤ ፀጉርም ስብም ምንም ቢዘጋው በልቶ ያልፋል። እኔ ፊት ላይ ያገኘው ፊት ነው፣ እሱንም በልቶ አለፈ። ዓይኔን ያተረፈው መነጽሩ ነው። ሐኪሞቹ ዕድለኛ ነህ አሉኝ፣ ነርሷም አለችኝ፣ አለቃዬም አበባ ይዛ መጥታ አለችኝ፣ በዚህ አገር ዕድል የሚባለውን ነገር እስካሁን አላወቅሁትም። ከንፈሬ በግራ በኩል አይገጥምም፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ይንከባለልና በጎን ይወጣል። ለእናቴ እስክደውል ብዙ ቆየሁ፣ ስልኬ ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቶ ነው ልላት ለነርሷ እያወራሁ ተለማመድኩ፣ ነርሷ አንዲት ቃል አይገባትም፣ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጠኛለች። ደወልኩ። እማዬ አልኩ። ዝም አለች።  አለቀልኝ፣ አየችኝ ብዬ አንሶላውን ጨበጥሁ።

«እየበላህ ነው?» አለችኝ።

ምን እላታለሁ። አዎ አልኩ። እየበላሁ ነው። ተመስገን፣ ብላ፣ ብላ፣ አፍህን ሞልተህ አታውራ ያልኩህን ሁሉ ትቼልሃለሁ፣ ዝም ብለህ ብላ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በእናቴ ዓለም እኔ የማልጠግብ ሰው ነኝ። በደወልኩ ቁጥር አፌ ሙሉ ነው። ዛሬስ ምንድን ነው የምትበላው ትለኛለች፣ ሥጋ እላታለሁ፣ ሩዝ እላታለሁ፣ ሲጨንቀኝ ሁለቱንም እላታለሁ። ወፍረሃል አይደል ትላለች። ትንሽ እላለሁ። ምን ትንሽ፣ ድምፅህ ጮማ ሆኗል ትላለች፤ ለጎረቤት ታወራለች፣ ልጄ እኮ ስልክ ለማውራት እንኳ ጉርሻውን አያቋርጥም እያለች። እኔ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየመጠጥኩ አዳምጣታለሁ። የዓይን ሕክምናውን ስንት ዓመት ለመንኳት፣ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም ብላ እምቢ ስትል ኖረች፤ እሺ ያሰኛት ይሄ ነው፣ የወፈረውን ልጄን ሳላይማ አልሞትም አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ውሸቴ ሄዶ ሐኪም ቤት አስተኛት፣ ውሸቴ ሞራዋን አነሳላት፣ አሁን ውሸቴ ዓይን አውጥቶ ሊያየኝ ይመጣል።

ሌላ ምክንያት ፍጠር ይለኛል ራሴ። ራስ ሁሌ ምክር አያጣም። ምድጃ በላት፣ ዘይት ተገንፍሎብኝ ነው በላት፣ ባለፈው ወር ነው በላት። ማንን ነው የማታልለው? ድምፄ መቼ እንደተለወጠ የምታውቅ ሴት ናት። ስልኩ ዱብ ብሎ ከተቋረጠ በኋላ ነው አፌ የሞላው። ፊቴን ካየች ሁለቱን ክር ወስዳ ሳልጨርስ ትቋጥራቸዋለች፤ ያን ቀን ምን አልኩት? ድምፅህን አውጣው አልኩት። ልየህ አልኩት። ከዚያ በኋላ ሻሽ አያስፈልጋትም፣ በራሷ ጊዜ ትጨልማለች። ፊቴ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ ፊቴንማ ለምጄዋለሁ፤ እዚህ አገር ፊት የሚነሳኝ ሰው እንኳ ከማን እንደሚነሳ ያውቃል። ያቺን አንዲት ቃል ነው የደበቅሁት። ለእህቴም አልነገርኳት። እህቴ ፎቶውን አይታለች፣ አልቅሳ ጨርሳለች፣ ለምን እንደምደበቅ ግን አታውቅም፣ ኩራት ይመስላታል።

ኮሚኩን ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። በጨለማ አይነበብም፣ ግን በቃሌ ነው የማውቀው። ኮሚክ የሚሏቸው እነዚህ በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች በካርቶን ሙሉ ይመጣሉ፣ ያልተሸጡት፣ ሽፋናቸው ሳይበጠስ ወደ መጭመቂያው ይገባሉ። የሥራ ጓደኞቼ ናቸው ይህን ያመጡልኝ፤ ከሆስፒታል ስመለስ የልብስ ሳጥኔ በር ላይ የአንድ ሰው ሥዕል ለጥፈው አገኘሁ፣ ፊቱ እንደኔ የተበላ፣ ኮቱ ረጅም፣ እጁ ላይ ሰንሰለት። ክብር መስሏቸዋል። አንተ ነህ አሉኝ ትከሻዬን እየመቱ፤ ጀግናችን። ስሙ በቋንቋቸው ዝገት ማለት ነው። ጀግና ብሎ ጀግና የለም እንጂ፤ ይሰርቃል፣ ይጠጣል፣ ይገድላል፣ አንዳንዴ ሰው ያድናል፣ ያም ቢሆን የሰውዬው ጠላት የእሱም ጠላት ስለሆነ ነው። ክፉ ነው እንዳልል ሕፃን ከእሳት ያወጣል፣ ደግ ነው እንዳልል የሕፃኑን አባት ሰዓት ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ወደድኩ።

ይሄኛው መጽሔት ጠባሳውን እንዴት እንዳገኘ የሚናገረው ነው። ቋንቋውን ግማሹን ነው የማነበው፣ ሥዕሉ ግን ቋንቋ አይጠይቅም። ዝገት በያጅ ነበር፣ መርከብ በያጅ፣ መልከ መልካም፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። ባልንጀራው አብሮት የከፈተውን ሥራ ለብቻው ሊጠቀልል ፈለገ፣ ዘይት ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ግባና በይድ አለው፣ ከላይ ክዳኑን ዘጋበት። የሚቀጥለው ገጽ ሙሉውን ቀይ ነው። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፋሻ፣ ከዚያ በመስታወት ፊት ፋሻውን በገዛ እጁ ይቀደዋል፣ ይጮሃል፣ ጩኸቱ ከሥዕሉ ፍሬም ወጥቶ ገጹን ያቋርጣል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ብረት በእጁ ሲይዝ ይዝጋል፣ በር ይዝጋል፣ ጥይት ይዝጋል፣ የሚያቆመው የለም። እኔን ያስቀናኝ ኃይሉ አይደለም። ጠላቱ ነው። ዝገት ጠላት አለው፣ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሄዶ የሚያንኳኳበት። የእኔ ጠላት ማነው? ማጠቢያው የተደፈነበት አንድ ሰው። ምናልባት አሮጊት ናት፣ ምናልባት ጎበዝ የቤት እመቤት ናት፣ ቧንቧዋ ሲከፈትላት እፎይ ብላ የተረፈውን ጠርሙስ ከካርቶን ጋር የጣለች። ምን ብዬ ነው የምበቀላት፣ ቧንቧዋን መልሼ ልድፈንላት? ለእሱ ጠባሳው ኃይል ሰጠው፤ ለእኔም አልነፈገኝም፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁሌ ባዶ ነው።

የያዝኩት መጽሔት መጨረሻው የለውም። ዝገት ወደ ገዛ ቤቱ ይመጣል፣ ዝናብ ነው፣ መስኮቱ ላይ መብራት አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሰው ጥላ፣ እጁን ለማንኳኳት ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መጭመቂያው ወስዶታል። ስንት ወር ቀበቶው ላይ ፈለግሁት። አንኳኳ ወይ? ማን ከፈተለት? ምን አለችው? ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ቅጂ አገኘሁ፣ ቀበቶው እንዲያልፍ ትቼ በሁለት እጄ አነሳሁት፣ አለቃዬ ጮኸችብኝ፣ ገለጥሁት። እጁን ያነሳል። ገለጥሁት። የብስክሌት ማስታወቂያ። ከማስታወቂያው ሥር በትንሹ፣ የሚቀጥለውን በሚቀጥለው ወር ይግዙ ይላል። እግዚአብሔር ይይላቸው።

እዚያው ቀበቶው አጠገብ ጓንቱን አውልቄ ፊቴን ዳሰስኩት።  የፋብሪካው በር ላይ ፊት የሚያነብ ማሽን አለ፤ ፊትህን ታሳየዋለህ፣ ስምህን ይጽፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰዓትህ መቆጠር ይጀምራል። ከሆስፒታል ወጥቼ ስሄድ ፊቴን አሳየሁት። ቀይ በራ። ቀረብኩ፣ ራቅሁ፣ ቀኙን ብቻ አዞርኩለት። ቀይ። ከኋላዬ ሰልፍ ሆነ። አለቃዬ መጥታ ለማሽኑ እሱ ነው አለችው፣ እውነቴን ነው፣ በጣቷ ደረቴን እየነካች እሱ ነው እሱ ነው ትለዋለች፣ ማሽኑ ግን ሰው አያምንም። መጨረሻ ላይ እንደ አዲስ ሠራተኛ መዘገቡኝ፣ አዲስ ቁጥር ሰጡኝ። አሮጌው እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ማሽኑ ውስጥ አለ፣ በየሌሊቱ ከሥራ ይቀራል፣ በየወሩ ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣልኛል። ይህን ሰርዙልኝ ብዬ ስደውል የተቀዳ የሴት ድምፅ፣ ለክፍያ አንድን ይጫኑ፣ ለአደጋ ሁለትን ይጫኑ ይለኛል። ሁለትን ስጫን ሙዚቃ ነው። ጥሩ ሙዚቃ ነው፣ ክፋት የለውም።

የላስቲኩ ቀዳዳ ያስገባት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወርዳ ትራሱ ጋ ደርሳለች። አሁን ፈትተውታል። አሁን ጣት እየቆጠረች ነው። አሁን ሻሿን አውርዳ በእህቴ ክንድ እየተመራች ነው፣ ማየት እየቻለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳህን አጣቢው ማለዳ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ለእሱ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ አልጋ የሚጋሩት ሰው ምን ይደበቃል። ንገራት አለኝ። ታለቅሳለች፣ ትታመማለች፣ ከዚያ ትድናለች፣ እናት ከልጇ ቁስል በላይ ውሸቱ ነው የሚገድላት አለኝ። ያንተ እናት የት ናት አልኩት። ሞታለች አለ። እሱማ ቀሎሃል አልኩት። ክፉ ንግግር ነው የተናገርኩት፣ እሱ ግን ቁልፉን ጥርሱ ላይ ይዞ ጫማውን አሰረና፣ መስኮቱን ክፈተው ብሎኝ ወጣ። አፌ ከዚያ ፈሳሽ በኋላ ራሱ ፈሳሹን ሆነ።

ስልኩ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ናት፣ በድምፅ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤት ገባን። ደረጃው ላይ ልትወድቅ ነበር፣ ሻሹን አላነሳም ብላ።»

«ምን አለ ሐኪሙ?»

«ጥሩ ነው አለ። ታያለች። አንተን ካላየሁ አልገልጠውም ብላ ቁጭ ብላለች። በቪዲዮ ልደውል ነው።»

«ነገ ብናደርገውስ?»

«ወንድም ጋሼ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፊት እኮ ነው። እናትህ ናት። የወለደችህ ሴት በፊትህ ልታፍር ነው እንዴ? ኩራትህን እዚያው ተወው።»

እሷ ኩራት ትላለች። ከኋላዋ እናቴ ትሰማኛለች፣ ምን ያንሾካሹካችኋል፣ እሱ ገና ጉርሻውን አልዋጠም እንዴ ትላለች፣ ድምፅዋ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር አለ፣ ልጅነት አለ። እንዲህ ሆና ሰምቻት አላውቅም። እና ምን ሆንኩ መሰለህ፣ ለማን ነው የማወራው፣ ምን ሆንኩ መሰለህ፣ ደከመኝ። መዋሸት ደከመኝ። ይምጣ አልኩ። ታልቅስ፣ ክሩን ትቋጥር፣ ትርገመኝ፣ ራሷን ትርገም፣ አብረን እንርገም፣ ግን ትየኝ፣ አንድ ሰው በዚህ ምድር ላይ ይየኝ። ተነሳሁና ላስቲኩን ከመስኮቱ ላይ በሁለት እጄ ገሽልጬ ጣልኩት። ፀሐይዋ ክፍሉን ሞላችው፣ አቧራው ሁሉ ታየ፣ የአልጋው እግር፣ የሳህን አጣቢው ካልሲ። ካሜራውን ከፍቼ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ቃሌን አዘጋጅቻለሁ፤ እማዬ እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ። አራት ቃል ነው፣ አራቱንም አንከባልዬ አወጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ የታየኝ ሻሹ ነው። ከዚያ የእህቴ ጣቶች። ከዚያ ሻሹ ተነሳ፣ የእናቴ ዓይን መጣ፣ ቀልቷል፣ ያለቅሳል፣ ይንቀዋለላል፣ ብርሃኑን ይሸሻል፣ ይመለሳል። ከዚያ ረጋ። አረፈብኝ። ዓይኗ የሆነ ነገር ላይ ሲያርፍ ካየሁ ስንት ዓመት። አየችኝ። ግንባሬን አየች፣ አፍንጫዬ የነበረበትን አየች፣ ከንፈሬን አየች። ቀስ ብላ ሻሿን ራሷ ላይ አስተካከለች፣ እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው።

«ጤና ይስጥልኝ የኔ ወንድም፣» አለች። «ልጄን ፈልጌ ነበር። አለ?»

አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ይበቃል። እማዬ ብል ይበቃል፣ በድምፄ ታውቀኛለች፣ ሲነጋም ሲመሽም በድምፄ ነው የምታውቀኝ። ከትከሻዋ ኋላ እህቴ ስልኩ ውስጥ አየችኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ልትናገር ነው። ጣቴን አነሳሁ። ለእህቴ ነው ያነሳሁት፣ ተይ ብዬ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ የለም፣ በጣቴ በሩን አሳየሁ፣ ወጥቷል።

«ወጣ ነው የሚለኝ?» አለች እናቴ ወደ እህቴ ዞራ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳልሰማት አስባ፣ «ምስኪን፣ መናገርም አይችልም መሰለኝ። ምን አግኝቶት ይሆን?» ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች፣ ልትስቅልኝ ሞከረች፣ ልጅ እንዳይፈራ እንደሚሳቅ ሳቅ። «አይዞህ፣» አለችኝ። «ሲመጣ እናትህ ፈልጋህ ነበር በልልኝ።»

ዘጋሁት።  አሁን ዝገት በሩ ላይ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ፣ የሚቀጥለውን ወር መግዛት አያስፈልገኝም። ፊቴን በውኃ ታጠብኩ፣ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ በድምፅ ብቻ ደወልኩ።

«እማዬ።»

«አንተ፣ የት ሄደህ ነው? ስልክህን ለሰው ትተህ እንዲህ ይጠፋል? ሻሼን አንስቼ በድፍረት ብቅ ብል ሰው ሌላ።»

«ምግብ ልገዛ ወጥቼ ነው።»

«ይኸው። አሁንም እየበላህ ነው።»

«አዎ። እየበላሁ ነው።»

«የመጀመሪያ እይታዬን ለጓደኛህ ሰጠሁት። ይሁን፣ እሱም የሰው ልጅ ነው። ምን ሆኖ ነው ግን?»

«ሥራ ላይ ተጎድቶ ነው። ቆይቷል።»

«ካንተ ጋር ነው የሚሠራው? ፊት ላይ የሚደረግ ነገር አይሰጧችሁም እንዴ?»

«ይሰጡናል። ያን ቀን ገልጦት ነበር።»

«ለምን ገለጠው?»

ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ናት። ካልሲው ወለሉ ላይ ነው። ከእናቴ ኋላ እህቴ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«አላውቅም፣» አልኩ። «ሞቆት ይሆናል።»

«አየህ፣ እህትህ ለጓደኛህ ታለቅሳለች፣ ሆዷ አይችልም። እናት አለችው?»

«የለችውም።»

ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል ታያለች፤ እንዳታይ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እንኳንም፣» አለች። «እንኳንም የለችው። ይህን አይታ እንዴት ትኖራለች።» ከዚያ ሻሽ ሲንሿሿ ሰማሁ። «እኔም ዓይኔን መልሼ ሸፈንኩት። ካሜራውን አሁን ትከፍተዋለህ?»

«ነገ እማዬ። ስልኩ ባትሪ የለውም።»

«ነገ እንግዲህ። እስከ ነገ እንደለመድኩት ቁጭ እላለሁ፣ ሁለተኛውንማ ለማንም አልሰጥም። በል አሁን ብላ፣ ሳይበርድብህ።»

እሺ አልኳት። እየበላሁ ነው።